ከአፕዴት በኋላ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር፦ ከፎርማት በፊት የሚሞከሩ መንገዶች

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉት የጎጃም ከተሞች አንድ ኮምፒውተር አፕዴት አድርጎ አልነሳ ሲል፣ ከጥገና ቤቱ የሚሰማው የመጀመሪያ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፍርዱ ለጠጋኙ ይቀለዋል፤ ፍላሽ ሰክቶ አዲስ ዊንዶውስ ይጭንና ሒሳቡን ይቀበላል። ለባለቤቱ ግን የዓመታት የተማሪ ውጤት፣ የማኅበር ሒሳብ ወይም ያላለቀ የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ሊሄድበት ይችላል። ምሰሶው ተንጋደደ ተብሎ ቤቱ አይፈርስም። አፕዴት ያስቆመው ኮምፒውተር በውስጡ ያለው ፋይል በአብዛኛው አልተነካም፤ አፕዴቱም ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ፎርማት ሌላው መንገድ ሁሉ ከተሞከረና ፋይሉ ከወጣ በኋላ ብቻ የሚታሰብ ነገር ነው። በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት አገልግሎት ሱቁ የሚገኘው ማሽን በአብዛኛው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የተጫነበት ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ በእነዚሁ ላይ ያተኩራል፤ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ ለሚጠቀሙ ሰዎች ወደ መጨረሻው ጥቂት ተብሏል።

በእርግጥ ቆሟል ወይስ እየሠራ ነው?

«ተበላሸ» ከሚባለው ኮምፒውተር ቀላል የማይባለው ገና ሥራውን ያልጨረሰ ነው። በተለይ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) የሌለው፣ ባለ 4 ጊጋ ባይት ራም አሮጌ ዴስክቶፕ «ወርኪንግ ኦን አፕዴትስ» የሚለውን ጽሑፍ አሳይቶ 30 በመቶ ላይ ለረጅም ጊዜ ሊቆም ይችላል። ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲመለስ ደግሞ የተጠራቀመው አፕዴት ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ ጭነቱ ይበዛል። በዚህ ጊዜ መታየት ያለበት የመቶኛው ቁጥር ሳይሆን በሲስተም ዩኒቱ ፊት ለፊት ወይም በላፕቶፑ ጠርዝ ላይ ያለችው የሃርድ ዲስክ መብራት ናት። መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች ከሆነ ማሽኑ እየሠራ ነውና ሁለትና ሦስት ሰዓት ቢፈጅም መታገሥ ይገባል። መብራቷ ከጠፋች፣ ዲስኩም ድምፅ ካላሰማና ቁጥሩ ለሰዓታት ካልተንቀሳቀሰ ግን ማጥፊያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይዞ ማጥፋት ይቻላል።

መሐል ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢቋረጥም ወዲያው ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ዊንዶውስ ያልተጠናቀቀ አፕዴት ሲያገኝ «አንዱኢንግ ቼንጅስ» ብሎ ወደነበረበት ለመመለስ ራሱ ይሞክራል፤ ይህም ከጭነቱ እኩል ወይም የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ክፉው ነገር ማሽኑ ወደነበረበት በመመለስ ላይ እያለ ትዕግሥት ያጣ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ማጥፋቱ ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በዚህ ረገድ ከዴስክቶፕ አይለይም፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ከሌለው ክረምት ላይ፣ ነጎድጓድ በሚበዛበት ከሰዓት በኋላ አፕዴት ማስጀመር አይመከርም።

አፕዴቱን ከመክሰስ በፊት

አፕዴት ማሽኑን አጥፍቶ ያስነሳዋል፤ ለሳምንታት ሳይጠፋ የቆየ ኮምፒውተር ላይ ተደብቆ የነበረ ሌላ ብልሽት የሚገለጠውም በዚያው ቅጽበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፍላሹ፣ ኤክስተርናል ዲስኩ፣ የካሜራ ሜሞሪውና ፕሪንተሩ በሙሉ ይነቀሉ። «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» የሚል ጽሑፍ የሚታየው ማሽኑ ከተረሳ ፍላሽ ለመነሳት እየሞከረ ስለሆነ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የማዘርቦርዱ ባትሪ ይታይ። ይህች ክብ፣ ሲአር 2032 የምትባል ባትሪ ስታልቅ ዴስክቶፑ ከሶኬት በተነቀለ ወይም መብራት በጠፋ ቁጥር የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ቅንብሩን ይረሳል፤ ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል፤ የአነሳሱ ዓይነትም ከአዲሱ ዩኢኤፍአይ ወደ አሮጌው ሌጋሲ ወይም በተቃራኒው ሊለወጥ ይችላል። ያን ጊዜ ዊንዶውሱ ደኅና ሆኖ ሳለ ማሽኑ አያገኘውም። ወደ ባዮስ የሚያስገባው ቁልፍ እንደ ማሽኑ ዓይነት ይለያያል፤ ዴል ኤፍ 2፣ ኤችፒ ኤፍ 10፣ ብዙ ዴስክቶፖች ደግሞ ዲሊት ይጠቀማሉ። ባትሪውን ቀይሮ ቀኑን ማስተካከልና የአነሳስ ዓይነቱን ወደነበረበት መመለስ ብቻውን ችግሩን ይፈታል። ቀኑ ሲሞላ የሚገባው የፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይሏል፤ 2018 ዓ.ም. ነው ብሎ 2018ን የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን ዓመታት ወደ ኋላ ስለሚወስደው ማሽኑ ቢነሳም ድረ ገጾች «ደኅንነቱ አልተረጋገጠም» እያሉ አይከፈቱለትም።

ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያን ማሽን ደጋግሞ ማስነሳት የቀረውን ፋይል ያጠፋል፤ ወዲያው አጥፍቶ ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ለመቅዳት መሞከር ይሻላል።

አንድ ሌላ ምክንያትም ከዚሁ ጋር ይነሳ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በማብቃቱ አሮጌ ማሽኖችን በፍላሽ አስገድዶ ወደ ዊንዶውስ 11 ማሻገር ተለምዷል። 24ኤች2 የሚባለው የዊንዶውስ 11 ዕትም ግን የቆዩ ፕሮሰሰሮች የሌሏቸውን ትእዛዞች ይፈልጋል፤ ኮር 2 ዱዎ ያለው ማሽን በእርሱ ፈጽሞ አይነሳም። እንዲህ ባለው ማሽን ላይ ጥገና ሲሞክሩ መዋል ጊዜ ማባከን ነው፤ የቀድሞውን ዕትም መመለስ ብቻ ነው መፍትሔው።

ወደ ሰማያዊው የጥገና ገጽ መድረስ

ዊንዶውስ ሁለት ጊዜ በተከታታይ መነሳት ካቃተው በሦስተኛው ራሱ የጥገናውን ገጽ ይከፍታል። ካልከፈተ በእጅ ማስገደድ ይቻላል፦ ማሽኑን ያብሩ፣ የአምራቹ አርማ ወይም የሚሽከረከሩት ነጥቦች እንደታዩ ማጥፊያውን 10 ሰከንድ ተጭነው ያጥፉ፤ ይህን ሁለት ጊዜ አድርገው በሦስተኛው ይተዉት። «ፕሪፔሪንግ አውቶማቲክ ሪፔር» የሚል ጽሑፍ ከታየ በኋላ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። ከዚያ «ትራብልሹት»ን፣ ቀጥሎም «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»ን ይምረጡ። በየሱቁ የሚዞሩት «ላይት» የተባሉ የተቀነሱ ዊንዶውሶች ብዙውን ጊዜ ይህ ገጽ ተቆርጦ የወጣባቸው ስለሆኑ እዚህ ላይ ባዶ እጅ ይቀራሉ፤ ለእነሱ ቢያንስ 8 ጊጋ ባይት በሆነ ፍላሽ ላይ የተዘጋጀ ትክክለኛ የዊንዶውስ መጫኛ ሰክቶ ከእርሱ ተነስቶ «ሪፔር ዮር ኮምፒውተር» የሚለውን መምረጥ ወደዚያው ገጽ ያደርሳል። በዚህ ጊዜ ከ«ኢንስታል ናው» መራቅ ያስፈልጋል።

ገጹ ተከፍቶ ኪቦርዱና ማውሱ አልሠራ ካሉ ማሽኑ ሁለት ጊዜ እንደተበላሸ አይቁጠሩት። በዚያው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 11 አፕዴት በጥገናው ገጽ ውስጥ የዩኤስቢ ኪቦርድና ማውስ እንዳይሠሩ አድርጎ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ከቀናት በኋላ ማረሚያ አወጣለት። ማረሚያውን ሳያገኝ ለቀረ ማሽን በፍላሽ መነሳት ወይም ክቡ የድሮ መሰኪያ ያለው ኪቦርድ መጠቀም መውጫ ነው።

ከማናቸውም ነገር በፊት በስክሪኑ ላይ የታየውን የስሕተት ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ጽሑፉ ለአፍታ ታይቶ ስለሚጠፋ በኋላ ላይ «እንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጽፎ ነበር» ከማለት ያድናል፤ ለጠጋኙም ግማሽ ሥራ ነው።

48 ቁጥር የሚጠይቀው ገጽ

አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ከሰማያዊው ገጽ በፊት ወይም መሐል ላይ ቢትሎከር የሚል ርዕስ ያለው ገጽ ወጥቶ 48 አኀዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ባለቤቱ ቢትሎከር የሚባል ነገር በሕይወቱ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ ላፕቶፑ መጀመሪያ ሲከፈት በማይክሮሶፍት አካውንት ከተገባበት ግን ዲስኩ በራሱ ጊዜ ተቆልፎ፣ ቁልፉም በዚያው አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አፕዴት የአነሳሱን ሥርዓት ሲነካካ ማሽኑ «ሌባ ይሆናል» ብሎ ይጠረጥርና ቁልፉን ይጠይቃል። በስልክ ወደዚያ አካውንት ገብቶ በስክሪኑ ላይ ከታየው የቁልፍ መለያ የመጀመሪያ 8 ፊደላትና ቁጥሮች ጋር የሚገጥመውን መፈለግና 48ቱን መሙላት ነው። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ቁልፉ የሚገኘው ከአይቲ ክፍሉ ነው፤ የተገዛው ያገለገለ ከሆነና የመጀመሪያው ባለቤት አካውንት ላይ ተመዝግቦ ከቀረ ሻጩን ማግኘት የግድ ይሆናል። ቁልፉ ከሌለ ማንም ሰው ዲስኩን ሊከፍተው አይችልም፤ «እኔ እሰብረዋለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ለሚጠይቅ ሰው ገንዘብ አይስጡ።

አፕዴቱን ነቅሎ ማውጣት

የሥራው እምብርት ይህ ነው። በ«አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ «ስታርትአፕ ሪፔር» የሚባለው ቀድሞ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ አንድ ጊዜ መሞከሩ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን «ልጠግነው አልቻልኩም» ብሎ ከመለሰ ደጋግሞ መነካካቱ ጥቅም የለውም። ወደ «አንኢንስታል አፕዴትስ» ይለፉ። እዚያ ሁለት ምርጫዎች አሉ። «ሌተስት ኳሊቲ አፕዴት» የሚባለው በየወሩ የሚመጣውን የደኅንነት ማረሚያ ያስወግዳል፤ «ሌተስት ፊቸር አፕዴት» የሚባለው ደግሞ ትልቁን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል የሚመጣውን የዕትም ለውጥ ወደ ቀድሞው ይመልሳል። ችግሩ የመጣው አነስ ካለው ወርኃዊ አፕዴት በኋላ ከሆነ የመጀመሪያውን፣ ስክሪኑ መልኩን ለውጦ ረጅም ሰዓት ከፈጀ ጭነት በኋላ ከሆነ ሁለተኛውን ይምረጡ። ሁለተኛው የሚሠራው ከተጫነ በ10 ቀን ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ የቀድሞውን ቅጂ ከዲስኩ ያጠፋዋል። ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ «ዲስክ ክሊንአፕ» ያስኬደ ሰው ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ራሱ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው «ሲመቸኝ አሳየዋለሁ» ተብሎ ላፕቶፑ ከሞጣ ወይም ከብቸና ወደ ደብረ ማርቆስ እስኪወርድ ሁለት ሳምንት መቆየት የሌለበት፤ ይህ ሥራ ቤት ውስጥ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው።

ይህ ካልተሳካ «ሲስተም ሪስቶር» አለ፤ አስቀድሞ የተመዘገበ መመለሻ ነጥብ ካለ ማሽኑን ወደዚያ ቀን ይወስደዋል፣ ሰነዶችንም አይነካም። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ግን ይህ አገልግሎት ሳይበራ ይኖራል።

አንዳንዴ ጥፋቱ የአፕዴቱ ሳይሆን አብሮት የመጣ ድራይቨር (የማሽኑን ክፍሎች ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ወይም የአንቲቫይረስ ፕሮግራም ይሆናል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ ኤርፖርቶችንና ባንኮችን ያስቆመው ሰማያዊ ስክሪን የመጣው ከማይክሮሶፍት ሳይሆን ክራውድስትራይክ ከተባለው የደኅንነት ኩባንያ አፕዴት ነበር፤ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ማሽኖች ተነክተዋል። መፍትሔው አንድ የተበላሸ ፋይል በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ እጅግ አስፈላጊውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁኔታ) ገብቶ ማጥፋት ነበር። ያን ቀን ሁሉም «ፎርማት ይደረግ» ቢል ኖሮ የጠፋው መረጃ ምን ያህል በሆነ ነበር። ወደ ሴፍ ሞድ ለመግባት በዚያው ገጽ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»ን፣ ቀጥሎ «ሪስታርት»ን ይምረጡና ዝርዝሩ ሲመጣ ቁጥር 4ን ይጫኑ። ማሽኑ በሴፍ ሞድ ከተነሳ ዊንዶውሱ በመሠረቱ ጤነኛ ነው፤ በቅርብ የገባውን አንቲቫይረስ ያስወግዱ፣ በ«ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥም የስክሪኑን ካርድ ድራይቨር በ«ሮል ባክ ድራይቨር» ወደ ቀድሞው ይመልሱ። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ስክሪኑ ብቻ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ደግሞ ይህን ሁሉ ከመድከም በፊት የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭኖ ማየት ነው፤ የስክሪኑን ድራይቨር እንደገና ያስነሳዋል።

ፋይሉን በቅድሚያ ማውጣት

ከላይ ያለው ሁሉ ካልሠራ ቀጣዩ ሥራ ጥገና ሳይሆን ማዳን ነው። ዊንዶውስ ባይነሳም ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ መቅዳት ይቻላል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት በመሆኑ ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጠው። ባዶ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ዲስክ ይሰኩ። በ«አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ «ኮማንድ ፕሮምፕት»ን ይክፈቱ፤ በሚመጣው ጥቁር መስኮት ላይ ኖትፓድ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ኢንተርን ይጫኑ። ተራው ኖትፓድ ይከፈታል። ከ«ፋይል» ዝርዝር ውስጥ «ኦፕን»ን ሲጫኑ የሚመጣው ትንሽ መስኮት ዲስኩን ሁሉ የሚያሳይ በር ነው። ከታች በኩል «ቴክስት ዶክዩመንትስ» የሚለውን ወደ «ኦል ፋይልስ» ይለውጡ፤ አለዚያ የወርድና የኤክሴል ሰነዶችዎ አይታዩም። ከዚያ «ዚስ ፒሲ»፣ ቀጥሎ ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ፣ ቀጥሎ «ዩዘርስ»፣ ቀጥሎ የራስዎ ስም፤ እዚያ ዴስክቶፑና ዶክዩመንቱ አሉ። የዲስኩ መጠሪያ ፊደል ከለመዱት ሊለይ ስለሚችል ሲ ባዶ መስሎ ቢታይ ዲን ወይም ኢን ይክፈቱ። ፎልደሩን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ኮፒ» ይበሉ፣ ወደ ፍላሹ ሄደው «ፔስት» ያድርጉ። በዚህ ጊዜ ምን ያህል እንደተቀዳ የሚያሳይ ምልክት የለም፤ መስኮቱ ደርቆ የቆመ ይመስላል። አይዝጉት፤ ፎልደሩ ትልቅ ከሆነ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

የሒሳብ ሠራተኞች አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ፒችትሪን የመሰሉ ፕሮግራሞች መረጃቸውን የሚያስቀምጡት በዶክዩመንት ውስጥ ሳይሆን በራሳቸው ፎልደር ሊሆን ስለሚችል ያንንም ፈልጎ መቅዳት ያስፈልጋል።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» የሚለውን፣ በውስጡም «ኪፕ ማይ ፋይልስ»ን መምረጥ ከፎርማት የለዘበ መንገድ ነው። ሰነዶቹን ያስቀራል፤ ፕሮግራሞቹን ግን ያጠፋል፤ ፓወር ግዕዝ፣ ፒችትሪና የፕሪንተሩ ድራይቨር እንደገና መጫን ይኖርባቸዋል፤ መጫኛቸው በእጅ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። ማሽኑን ለጠጋኝ የሚሰጡ ከሆነም «ፋይሉ ወጥቷል፣ ወርኃዊውን አፕዴት ነቅዬ አልሆነም፣ የስሕተቱ ፎቶ ይኸው፣ ሳልፈቅድ ፎርማት እንዳይደረግ» ብሎ በወረቀት ጽፎ ከላፕቶፑ ጋር ማያያዝ ነው። በቃል የተነገረ ነገር ሱቁ ሲጨናነቅ ይረሳል።

ኡቡንቱ ላይ

ኡቡንቱ አዲስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት የሆነ ፕሮግራም) ሲጭን የቀድሞውን አያጠፋውም። ማሽኑን ሲያበሩ ሺፍትን ተጭኖ በመያዝ፣ በአዳዲሶቹም ማሽኖች ኢስኬፕን በመንካት ግራብ የሚባለው የአነሳስ ምርጫ ዝርዝር ይመጣል፤ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ ፎር ኡቡንቱ» ውስጥ ገብተው አሮጌውን ከርነል ይምረጡ። አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል። ጭነቱ መሐል ላይ መብራት ጠፍቶበት ከሆነ «ሪከቨሪ ሞድ» ውስጥ የተበላሹ ጥቅሎችን የሚጠግነው ምርጫ አለ። ዊንዶውስንና ኡቡንቱን አብረው የጫኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 የወጣው የዊንዶውስ አፕዴት የአንዳንዶችን ሊኑክስ እንዳይነሳ እንዳደረገ ያስታውሱ፤ ለጊዜው በባዮስ ውስጥ «ሴክዩር ቡት»ን (ያልተፈቀደ ሥርዓት እንዳይነሳ የሚከለክለውን ቅንብር) ማጥፋት ሊኑክሱን ያስነሳዋል።

ከተነሳ በኋላ

የተነቀለው አፕዴት ካልታገደ ተመልሶ ይገባል። ማሽኑ እንደተነሳ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ ወደ «ዊንዶውስ አፕዴት» ሄደው «ፖዝ አፕዴትስ»ን ይምረጡ፤ እስከ 5 ሳምንት ድረስ ያቆመዋል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ማይክሮሶፍት ስሕተቱን ብዙውን ጊዜ ያርመዋል። በስልክ ሆትስፖት የሚሠሩ ሰዎች ኔትወርኩን «ሚተርድ ኮኔክሽን» ብለው ቢመዘግቡት የሞባይል ዳታውም ይተርፋል፣ አፕዴቱም ሳይታሰብ አይወርድም። ጨርሶ ማገድን ግን አልደግፈውም፤ ከሰው ወደ ሰው በሚዞር ፍላሽ ቫይረስ በሚተላለፍበት አካባቢ የደኅንነት ማረሚያ የሌለው ማሽን ዕድሜው አጭር ነው። ማሽኑ ደኅና በሆነበት በዚህ ጊዜ «ሲስተም ፕሮቴክሽን»ን ያብሩ፣ የቢትሎከር ቁልፉን በወረቀት ገልብጠው ያስቀምጡ፣ በሲ ዲስክ ላይም ለትልቁ አፕዴት 20 ጊጋ ባይት ያህል ባዶ ቦታ ይተዉ።

ማይክሮሶፍት ወርኃዊውን አፕዴት የሚያወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው፤ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። የሐምሌው አፕዴት በዚህ ስሌት ሁልጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ 7 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል፤ በጀት በሰኔ 30 የሚዘጉ የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች ሪፖርታቸውን ገና በሚያጠናቅቁበት ሳምንት ማለት ነው። ስለዚህ በሰኔ መጨረሻ አፕዴቱን ለ5 ሳምንት አቁመው፣ ሪፖርቱ ከተላከ በኋላ መጀመሪያ አስቸኳይ ሥራ በማይሠራበት አንድ ማሽን ላይ ይጫኑት፤ እርሱ ለጥቂት ቀናት ደኅና ሲነሳ ከቆየ የቀሩትን ይልቀቁ።